አብርሃም ተኝቶ ሳለ የጸና ኪዳን

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት፣ በምዕራፍ 4 ቁጥር 5 ላይ፣ እግዚአብሔርን «ኃጢአተኛውን የሚያጸድቅ» ብሎ ይጠራዋል። ብሉይ ኪዳንን የሚያውቅ ሰው ይህን አጠራር በጥሞና ሲያነብ ሊደነግጥ ይገባዋል፤ ሕጉ ዳኞችን የሚከለክለው ይህንኑ ነውና። በዘዳግም 25፥1 ዳኞች ለጻድቁ እንዲፈርዱለት፣ በበደለኛው ላይ እንዲፈርዱበት ታዘዋል። በምሳሌ 17፥15 ኃጥኡን የሚያጸድቅና ጻድቁን የሚኰንን ሁለቱም በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊዎች እንደ ሆኑ ተጽፏል። በዘፀአት 23፥7 ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ በደለኛውን እንደማያጸድቅ ይናገራል። ጉቦ በልቶ ወንጀለኛን በነጻ የሚያሰናብት ዳኛ ምን ያህል እንደሚያንገፈግፈን ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ በገማልያል እግር ሥር ተቀምጦ ሕጉን ጠንቅቆ የተማረው ጳውሎስ ይህን ሐረግ እንዴት ደፍሮ ጻፈው?

ጽድቅ በእምነት ነው ወይስ በሥራ የሚለው ክርክር በመካከላችን ሲነሣ ከዚህ ጥያቄ ሲጀምር ብዙም አልሰማሁም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ታዲያ መልካም ሥራ አያስፈልግም ማለት ነው?» ከሚለው ነው፤ ወደዚያም እመጣለሁ። ጳውሎስ ግን ስለ እኛ ሥራ ከመናገሩ በፊት ስለ እግዚአብሔር ፍትሕ መልስ መስጠት ነበረበት፤ ሰጥቶታልም። በሮሜ 3፥25-26 እንደሚለው እግዚአብሔር ክርስቶስን በደሙ የሆነ ማስተስሪያ አድርጎ ያቆመው እርሱ ራሱ ጻድቅ ሆኖ ሳለ በኢየሱስ የሚያምነውን እንዲያጸድቅ ነው። ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ አላለፈም ማለት ነው። ፍርዱ ተፈጽሟል፤ የተፈጸመው ግን በደል በሌለበት በልጁ ላይ፣ በፈቃዱ ራሱን ስለ እኛ በሰጠው ላይ ነው። ስለዚህ «በእምነት እንጸድቃለን» ስንል፣ እምነት የሚባል አንድ በጎ ምግባር በሌሎች ምግባሮች ፋንታ ተከፍሎ ዕዳችን ይሰረዛል ማለታችን አይደለም። ዕዳው የተከፈለው በጎልጎታ ነው። እምነት የተከፈለውን መቀበል፣ በከፈለውም ላይ መታመን ነው፤ ከዚህ ያለፈ ክብር አይፈልግም።

ጳውሎስ ይህን ካለ በኋላ የሚጠራው ምስክር የአይሁድ ሁሉ አባት የሆነውን አብርሃምን ነው። የሚጠቅሰው ቃል ደግሞ በዘፍጥረት 15፥6 የሚገኘው ነው፤ አብራም በእግዚአብሔር አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት። ሐዋርያው በዚህ ቃል ላይ የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ይህ የተቈጠረለት መቼ ነው? ከተገረዘ በኋላ ነው ወይስ ሳይገረዝ? የዘፍጥረትን ታሪክ በዕድሜው ተከትለን ስንቈጥር አብራም አጋር እስማኤልን ስትወልድለት የ86 ዓመት ሰው ነበር፤ ይህም የተጻፈው በምዕራፍ 16 መጨረሻ፣ ከእምነቱ ታሪክ በኋላ ነው። የግዝረት ትእዛዝ የመጣለት ደግሞ በምዕራፍ 17፣ የ99 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ነው። ጽድቅ በተቈጠረለትና በተገረዘበት ቀን መካከል ቢያንስ 13 ዓመት አለ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አብራም በኋላ ዘመን በነበረው አቈጣጠር ካልተገረዙት ወገን ነበር፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን ጻድቅ ነበር። ሕጉ በሲና የተሰጠበት ጊዜማ ከዚህም እጅግ ይርቃል፤ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ከተስፋው ቃል በኋላ 430 ዓመት ቈይቶ እንደ መጣ ይናገራል። የሐዋርያው ክርክር በሙሉ የቆመው በዚህ የዘመን ቅደም ተከተል ላይ ነው። ግዝረት የጽድቁ ማኅተም ሆነ እንጂ ምክንያቱ አልሆነም፤ ማኅተም ደግሞ ተጽፎ ባለቀ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው።

ዘፍጥረት 15ን ከቁጥር 6 አልፈን ማንበብ አለብን፤ በእኔ አስተያየት ስለዚህ ትምህርት ከተጻፈው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። አብራም ባመነ በሁለተኛው ቁጥር ላይ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦ ምድሪቱን እንድወርሳት በምን አውቃለሁ? ይህ የእምነት አባት ተብሎ የሚጠራው ሰው ጥያቄ ነው። እግዚአብሔርም አልተቈጣውም። የሦስት ዓመት ጊደር፣ የሦስት ዓመት ፍየል፣ የሦስት ዓመት በግ፣ ዋኖስና ርግብ እንዲያመጣ አዘዘው። አብራም እንስሳቱን ከመካከል ከፈላቸው፤ ክፍሎቹን ፊት ለፊት አኖራቸው፤ ወፎቹን ግን አልከፈላቸውም። አሞሮች በሥጋው ላይ ሲወርዱም አባረራቸው። በዚያ ዘመን ሰዎች ቃል ኪዳን ሲጋቡ በተከፈለው እንስሳ መካከል ያልፉ እንደ ነበር ከኤርምያስ 34፥18 እንረዳለን። ይህም «ቃሌን ባፈርስ እንደዚህ እንስሳ ልሁን» ብሎ በራስ ላይ መማል ነበር። እንግዲህ አብራም ተራው ደርሶ እስኪያልፍ የሚጠብቅ ይመስለናል። ፀሐይ ስትገባ ግን ከባድ እንቅልፍ ወደቀበት። ከጨለመም በኋላ የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል በተከፈለው ሥጋ መካከል አለፈ። ያለፈው እግዚአብሔር ብቻ ነው። አብራም አላለፈም፤ እንዲያልፍም አልተጠየቀም። በዚያ ቀን የሠራው ሥራ እንስሳቱን ማዘጋጀትና አሞራ ማባረር ነበር፤ ኪዳኑ ሲጸና ግን ተኝቷል። የኪዳኑን መሐላ ከሁለቱም ወገን እግዚአብሔር ብቻውን በራሱ ላይ ወሰደው። እንደ ተሰበረ እንስሳ መሆን የሚገባውም ሰው ሆኖ ሳለ፣ ዘመኑ ሲደርስ በመስቀል ላይ የተሰበረው መሐላውን የማለው ራሱ ነው።

ይህን ያየ ሰው ጳውሎስ በሮሜ 4፥4 ስለ ደመወዝ የሚናገረውን ለመረዳት አይቸገርም። ለሠራተኛ የሚከፈለው ደመወዝ ስጦታ አይባልም፤ ይገባዋልና። አሠሪው ባይከፍለው በደለኛ ነው። ጽድቅ በሥራ የሚገኝ ከሆነ እግዚአብሔር ባለ ዕዳችን ነው፤ በፍርድ ቀንም የምንቀርበው ሂሳባችንን ልንጠይቅ ነው። ይህን በአፉ የሚናገር ክርስቲያን የለም፤ በልባችን ግን ስንት ጊዜ እንደምናስበው መከራ ሲደርስብን «ይህን ሁሉ አድርጌ እንዴት እንዲህ ይሆንብኛል?» የሚለው ቅሬታችን ይመሰክርብናል።

አንዳንድ ትጉ አንባቢዎች፣ ጳውሎስ የነቀፈው የአይሁድን ሥርዓት፣ ማለትም ግዝረትን፣ የመብል ሕግንና በዓላትን ብቻ ነው እንጂ ምጽዋትን፣ ጾምንና ጸሎትን አይመለከትም ይላሉ። በዚህ አስተያየት ውስጥ እውነት አለ፤ ችላ ሊባልም አይገባም። በገላትያ 2 የተጻፈው የአንጾኪያ ግጭት የተነሣው በማዕድ ነው። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር አብሮ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ፤ በርናባስ እንኳ አብሮ ተሳበ። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወመው። ጽድቅ በእምነት መሆኑን በገላትያ መልእክት በግልጽ የምናነበው በዚህ ተግሣጽ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ ማን ከማን ጋር በአንድ ገበታ እንደሚቀመጥ ይወስናል። ይሁን እንጂ ነገሩ እዚያ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ፣ ጳውሎስ በሮሜ 4 ከአብርሃም ቀጥሎ ዳዊትን ባልጠራ ነበር። ዳዊት የተገረዘ፣ ሕጉን የሚያውቅ፣ በመብል ነገር ያልተከሰሰ ንጉሥ ነው። የከሰሰው የኦርዮን ሚስት መውሰዱና ኦርዮን ማስገደሉ ነው። ከመዝሙር 31 (በሌላው አቈጣጠር 32) የተጠቀሰውም ቃል ጌታ ኃጢአቱን የማይቈጥርበት ሰው ብፁዕ ነው ይላል። የሥርዓት ጉድለት አይደለም የተነሣው፤ ሰውን ከእግዚአብሔር የሚለይ በደል ነው። ለዚህ ዓይነቱ በደል ማካካሻ የሚሆን ጾም ወይም ምጽዋት ዳዊት አላቀረበም፤ ምሕረት ለመነ።

አሁን ደግሞ ለራሳችን ለወንጌላውያኑ የምናገረው አለኝ። በሥራ አንጸድቅም ብለን እየሰበክን እምነትን ራሱን አዲስ ሥራ አድርገነዋል። ሰው ታሞ ሳይፈወስ ሲቀር «እምነትህ አንሶ ነው» ይባላል። ሥራ ሲያጣ፣ ልጅ ሲያጣ፣ ትዳር ሳይሳካለት ሲቀር ያው መልስ ይሰጠዋል። ቀድሞ የጾሙን ብዛት ይቈጥር የነበረ አሁን የእምነቱን መጠን እየለካ ይጨነቃል፤ ሸክሙም የባሰ ይከብደዋል፤ ጾም በቀን ይታወቃል፣ እምነት ግን በምን ይለካል? ይህ በጸጋ ስም የሚደረግ ጭካኔ ነው።

ከጉባኤያችን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ታመው ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ እንጀራ የጋገሩ፣ የሰው ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ጸሎት ሲያበቃ ሌሎቹ ወደ ሳሎን ወጡ፤ እኔ ትራሳቸውን ላስተካክል ቀርቼ ነበር። እጄን ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እምነቴ ይበቃ ይሆን? ሌሊት ሌሊት ሞትን እፈራለሁ፤ የሚያምን ሰው እንዲህ ይፈራል እንዴ?» አሉኝ። እርሳቸውን ያህል ያገለገለ ሰው በዚያ መንደር አልነበረም፤ ስለ ሥራቸው ግን አንድ ቃል አላነሡም። የፈሩት ሌላውን ሚዛን ነበር። «እማማ፣ የሚያድነው እኮ እምነትዎ አይደለም፤ ያመኑበት ጌታ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው ተመለከቱኝ። በምድረ በዳ በእባብ የተነደፉትን እስራኤላውያን አስታወስኳቸው፤ ሙሴ በሰቀለው የናስ እባብ ላይ ዓይኑ የጠራውም ዓይኑ የፈዘዘውም ቀና ብሎ ሲያይ ዳነ፤ መድኃኒቱ በተሰቀለው እንጂ በዓይኑ ጥራት አልነበረምና። ከዚያም በኦርቶዶክስ አባቶች ትምህርት ፈያታዊ ዘየማን እየተባለ የሚታወሰውን በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ታሪክ ከሉቃስ 23 አነበብኩላቸው። እርሳቸውም በልጅነታቸው የስቅለት ዕለት ስሙን ሲሰሙ ያደጉ ናቸው። ያ ሰው የሚጾምበት ቀን፣ የሚመጸውትበት ገንዘብ፣ የሚሰግድበት ጉልበት አልነበረውም፤ እጁና እግሩ ተቸንክሯል። ያለው አንድ ልመና ብቻ ነው፤ ለእርሱም «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለለት። «እርሱስ ፈርቶ ነበር ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። «ሳይፈራ አይቀርም» አልኩ። ከዚያ በኋላ ስለ እምነታቸው መጠን አልጠየቁኝም።

የያዕቆብን መልእክት ሳያነሡ ይህን ርዕስ መዝጋት ታማኝነት አይሆንም። ያዕቆብ 2፥24 ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንደሚጸድቅ በግልጽ ይናገራል። ይህን ቃል የሚያለዝብ አተረጓጐም መፈለግ አያስፈልግም፤ ያዕቆብ ለማን እንደሚናገር ማየት ይበቃል። በፊቱ ያለው ሰው የተራቈተና የዕለት ምግብ ያጣ ወንድሙን «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ በባዶ እጁ የሚያሰናብት ነው። ይህ ሰው አምናለሁ ይላል፤ አጋንንትም ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል ይለዋል ያዕቆብ። ጳውሎስ የሚናገረው ሥራውን ተማምኖ ለሚቀርብ ነው፤ ያዕቆብ የሚናገረው በአፉ ተማምኖ ለሚቀመጥ ነው። ሁለቱም አብርሃምን ይጠራሉ፤ የሚያመለክቱት ዘመን ግን ይለያያል። ጳውሎስ ወደ ምዕራፍ 15 ይጠቁማል፤ ያዕቆብ ይስሐቅ በመሠዊያው ላይ ወደ ቀረበበት ወደ ምዕራፍ 22 ይጠቁማል፤ በዚያም ሥራ የምዕራፍ 15 ቃል ተፈጸመ ይላል። ያዕቆብ ቅደም ተከተሉን አልገለበጠም፤ አብርሃም ይስሐቅን ያቀረበው ከብዙ ዓመት በፊት ጻድቅ ሆኖ የተቈጠረ ሰው ሆኖ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ዲያቆኑ አስቀድሞ ከጳውሎስ መልእክታት ያነባል፤ ቀጥሎም ያዕቆብ ከሚገኝባቸው ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት ይነበባል። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ጉባኤ ፊት ሁለቱም ይሰማሉ።

«ጽድቅ በእምነት» ከጀርመን አገር በ16ኛው ምእት ዓመት የመጣ መጤ ትምህርት ነው የሚሉ ወገኖቼን በአክብሮት አልስማማባቸውም። ከጥንት የቤተ ክርስቲያን አባቶች አንዱ የሆነው የሮሜው ቀሌምንጦስ በመጀመሪያው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ ወደ ቆሮንቶስ በተላከው መልእክት (በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና በስሙ ከሚቈጠረው መጽሐፍ ይህ የተለየ ነው) የምንጸድቀው በራሳችን፣ ወይም በጥበባችን፣ ወይም በንጹሕ ልብ በሠራነው ሥራ ሳይሆን በእምነት እንደ ሆነ ጽፏል። በንጹሕ ልብ የተሠራውን ሥራ እንኳ ነው ያወጣው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ወዲያው «እንግዲህ መልካም ማድረግን እንተው?» ብሎ ይጠይቅና ፈጽሞ አይሁን ብሎ ለመልካም ሥራ ሁሉ ያነቃቃቸዋል። የጀርመኑ የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር የመጣው ከዚህ 1400 ዓመት በኋላ ነው። እርሱም በ1545 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ ተመልክቶ እንደ ጻፈው፣ የእግዚአብሔር ጽድቅ ሲባል ኃጢአተኛን የሚቀጣበት ብቻ ይመስለው ስለ ነበር ሮሜ 1፥17ን ይጠላው ነበር፤ ነቀፋ የሌለበት መነኩሴ ሆኖ ሳለ ሕሊናው አላረፈለትም። ይኸው ሉተር በ1534 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊውን ዲያቆን ሚካኤልን በዊተንበርግ ተቀብሎ አነጋግሮታል፤ የምስክርነት ደብዳቤም ሰጥቶ አሰናብቶታል። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ጉባኤ በጥር 1547 እ.ኤ.አ. የመልስ ድንጋጌ አወጣች፤ መለያየቱም ለብዙ ዘመን ጸና። በጥቅምት 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ግን መካነ ኢየሱስ አባል የሆነችበት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በአውግስቡርግ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። በእግዚአብሔር ፊት ተቀባይነት የምናገኘው ስለ እኛ ብቃት ሳይሆን በጸጋ ብቻ፣ በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን እንደ ሆነ፣ ልባችንን የሚያድሰው መንፈስ ቅዱስም ለመልካም ሥራ እንደሚያስታጥቀን በአንድነት መስክረዋል። ልዩነት ሁሉ አልቋል ማለቴ አይደለም፤ በዚህ ዋና ነገር ላይ ግን ይህን ያህል መነጋገር ተችሏል።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ የመጨረሻው ተቃውሞ ማቴዎስ 25 ነው። ጌታ በክብሩ ሲመጣ በጎችን በቀኙ፣ ፍየሎችን በግራው የሚለያቸው ስለ ተራበው፣ ስለ ተጠማው፣ ስለ ታረዘው፣ ስለ ታመመው፣ ስለ ታሰረው ባደረጉት ነው፤ እምነት የሚል ቃል እንኳ አልተነሣም። ይህ እውነት ነው፤ ይህን ምዕራፍ የሚያቃልል የጸጋ ትምህርት የጳውሎስ ትምህርት አይደለም። ደግሜ ሳነበው ግን በቀኝ ያሉት የሚወርሱት መንግሥት ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ፣ እነርሱ አንድ ቊራሽ እንኳ ሳይሰጡ፣ ተዘጋጅቶላቸው እንደ ነበር አያለሁ፤ ውርስም ለልጅ እንጂ ለቅጥር ሠራተኛ አይሰጥም። ደግሞም ጌታ መልካም ሥራቸውን ሲነግራቸው «ጌታ ሆይ፣ ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ?» ብለው ይጠይቃሉ። በማቴዎስ 7 የተባረሩት ግን በስምህ ትንቢት ተናግረናል፣ አጋንንት አውጥተናል ብለው ዝርዝራቸውን ያቀርባሉ። በቀኝ ያሉት ሥራቸውን አልመዘገቡም፤ ያበሉት ሰው ስለ ራበው ነው፣ የጠየቁትም ስለ ታመመ ነው። መጽደቂያ እንዲሆናቸው ድኻን የሚፈልጉ አልነበሩም፤ ድኻው ራሱ ነበር የሚታያቸው።

«ታዲያ ጾሜን ልተው? ምጽዋቴን ላቁም?» ብለው ለሚጠይቁኝ ወጣቶች የምመልሰው ከዚህ ተነሥቼ ነው። አትተዉ። ጹሙ፣ ከጾማችሁም የተረፈውን እህል ለጎረቤት አድርሱ፤ የታሰረ ካለ ጠይቁ፤ እናትና አባታችሁን ጡሩ። እግዚአብሔር በእናንተ ሥራ የሚጨመርለት ነገር የለም፤ ጎረቤታችሁ ግን ርቦታል። ኤፌሶን 2፥8-10ን ሳትቈርጡ አንብቡት፤ ከሥራ አይደለም ያለው ሐዋርያ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር እግዚአብሔር አስቀድሞ ላዘጋጀው መልካም ሥራ እንደ ተፈጠርን ይናገራል። የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስም ጌታ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ተነሥቶ የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች እሰጣለሁ፣ የበደልኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው።